የላዳዋ ድንጋይ

ጋሽ ፈቃደ ላዳቸውን ሲሸጡ ለራሳቸው ያስቀሩት አንድ ድንጋይና አንድ የቁልፍ ማንጠልጠያ ብቻ ነው። ድንጋዩ ዳር ዳሩ የተጠረበ፣ ከዘይትና ከአቧራ ብዛት የጠቆረ ነበር። ልጃቸው ናዝሬት የኤሌክትሪክ መኪና ገዝታ ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ያስገባች ዕለት፣ በጋዜጣ ጠቅልለው ከኋላ ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ አስገቡት።

«አባዬ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብላ ሳቀች።

«ስኮርታ የላትም አላልሽም? ተለዋጭ ጎማ የሌላት መኪና ድንጋይ እንኳ ይኑራት።»

ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። ድሮ ጌጃ ሰፈር ጎማ ሲያስጠግኑ የመኪና ማንሻው ክሪክ ሸርተት ብሎ፣ ላዳዋ የወዳጃቸውን የጎሚስታውን የአብዱልመናንን ግራ እጅ ተጭና ሁለት ጣቱን ቆርጣለች። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ፈቃደ በክሪክ የተነሳች መኪና ሆዷ ሥር ድንጋይ ሳይገባላት ማንንም አያስነኩም። ክሪኩ ቢከዳ ድንጋዩ ይሸከማል።

ናዝሬት መኪናዋን ለአባቷ የሰጠችው ከባሏ ከዮፍታሔ ጋር ተከራክራ ነው። ላዳዋ ከተሸጠች ጀምሮ በረንዳ ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን መኪና ሁሉ በዓይናቸው ሲሸኙ ማየቱ አንጀቷን በላው። ዮፍታሔ ግን አስጠነቀቃቸው።

«አባባ፣ አይቀየሙኝና ይቺ ላዳ አይደለችም። አንድ ነገር ከሆነች እንዳይነኳት፤ ይደውሉልን። ከነካኳት ግን ቁልፉን እንቀበልዎታለን።»

«እሺ» አሉ ጋሽ ፈቃደ። እሺ ያለው አፋቸው ነበር።

እንዲህ ሆነው ሰነበቱ። ጠዋት ናዝሬትን ሰንጋ ተራ ቢሮዋ ያደርሳሉ፣ ቀን የሰፈሩን በሽተኛ ሐኪም ቤት ያመላልሳሉ፣ ማታ ልጃቸውን ይዘው ይገባሉ። ሸሚዛቸው እንደገና መተኮስ ጀመረ። የሰፈሩ ሰው እንደገና «ሹፌሩ» አላቸው።

አንድ ረቡዕ ናዝሬትን አድርሰው ሲመለሱ፣ የሚሠራ ፎቅ አጠገብ የወደቀ ሚስማር የፊተኛውን ቀኝ ጎማ ወጋው። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሲደርሱ መሪው ወደ ቀኝ ይጎትታቸው ጀመር። ወርደው ቢያዩት ጎማው መሬት ላይ ተነጥፏል። ስልካቸውን አወጡ። አውራ ጣታቸው የልጃቸው ስም ላይ ደርሶ ቆመ። ዕድሜ ልኩን መሪ የያዘ ሰው፣ ለተነፈሰ ጎማ ልጅ ይጠራል? ስልኩን ኪሳቸው ከተቱና መኪናዋን እያንፏቀቁ ጌጃ ሰፈር አብዱልመናን ዘንድ ወረዱ።

«ፈቄ! ይቺ ነገርህ እኮ ድምፅ የላትም፤ እንደ ሌባ ነው የምትመጣው» አለ አብዱልመናን ከደጃፉ ብድግ ብሎ።

«የሌባ ጎማ አይተነፍስም። ና ባክህ፣ ቶሎ አንሳልኝ።»

አብዱልመናን ተንበርክኮ ሥሯን አየ። «የቷ ጋ ነው የምይዛት? ሆዷ እንደ ትሪ ልሙጥ ነው።»

«ጠርዟን ያዝ። ሆዷን ለኔ ተወው።»

«ልጅህ ታውቃለች?»

«አንተ ጎሚስታ ነህ ወይስ ትራፊክ?»

ደጃፉ ቁልቁለት ላይ ቆመው የሚያዩ ሰዎች ሳቁ። ክሪኩ መኪናዋን እያቃሰተ አነሳት፤ ከላዳ ጋር የማትወዳደር ከባድ ነበረች። ጋሽ ፈቃደ ጋዜጣውን ፈትተው ድንጋዩን ሆዷ ሥር ገፋ አደረጉት። ይሄኔ ስልካቸው ጮኸ። ናዝሬት ናት። አዩት፣ ኪሳቸው መለሱት። «ሲያልቅ እነግራታለሁ» አሉ ለራሳቸው።

አብዱልመናን ብሎኖቹን ፈትቶ ቀኝ እጁን ከጎማው ኋላ ሲሰድ፣ ክሪኩ ተንሸራተተ። መኪናዋ ዱብ አለች። ድንጋዩ ያዛት። አብዱልመናን እጁን መንጭቆ ወደ ኋላ ወደቀ፤ ጣቶቹን እያገላበጠ አየ፣ ሁሉም አሉ።

«አልነገርኩህም! አልነገርኩህም!» አሉ ጋሽ ፈቃደ በደስታ።

ወዲያው ከመኪናዋ ሆድ የመሰንጠቅ ድምፅ ተሰማ። ከመሪው አጠገብ ያለው ስክሪን በማስጠንቀቂያ መብራት ቀይ በቀይ ሆነ። «ሽሹ፣ ይፈነዳል!» አለ አንዱ፤ ሲስቅ የነበረው ሁሉ ተበተነ። ጋሽ ፈቃደ ብቻ ቆመው ቀሩ።

ናዝሬትና ዮፍታሔ ተጠራርተው መጡ። ዮፍታሔ አስፋልቱ ላይ ተኝቶ አየና ልብሱን ሳያራግፍ ተነሳ።

«ባትሪዋ ሆዷ ውስጥ ነው፣ አባባ። ከዳር እስከ ዳር። መኪናዋ ማለት እሱ ነበር። ይሄን ድንጋይ ማነው ከሥሯ የሰደደው?»

«እጄን ያዳነ ድንጋይ ነው» አለ አብዱልመናን።

«ለምን አልደወልክልኝም፣ አባዬ?» አለች ናዝሬት። «ጎማዋ ሲተነፍስ መኪናዋ ራሷ ስልኬ ላይ መልእክት ላከችልኝ። ደወልኩልህ እኮ።»

«ሥራ ላይ ነሽ ብዬ ነው።»

ሁለቱም ውሸት መሆኑን ያውቃሉ። ብትጮህባቸው ይሻላቸው ነበር። እሷ ግን «አንተስ አልተጎዳህም?» አለችና እጇን ዘረጋች። ቁልፉን ሰጧት። የላዳዋን ማንጠልጠያ ቀስ ብላ ከቁልፉ ላይ ፈታችና መዳፋቸው ላይ መልሳ አስቀመጠችላቸው።

ባትሪ እስኪገኝ መኪናዋ ሸራ ለብሳ ግቢው ውስጥ ከረመች። የሚያልፈው ሁሉ ያያታል፤ ቀና ብሎም በረንዳውን ያያል። «ሹፌሩ» የሚላቸውም አልተገኘም።

ተጠግና የወጣች እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤተሰቡ ሁሉ ተሳፈረ። ዮፍታሔ ይነዳል፣ ናዝሬት ከጎኑ ናት፣ ጋሽ ፈቃደ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ከኋላ። መታጠፊያ በደረሱ ቁጥር ቀኝ እግራቸው ፍሬን የሌለበትን ወለል ይረግጣል።

ጌጃ ሰፈር ላይ አብዱልመናን ድንጋዩን ወንበር አድርጎ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። መኪናዋን ለያትና ተነስቶ ሙሉ የሆነውን ቀኝ እጁን ከፍ አደረገ። ጋሽ ፈቃደ መስኮቱን ለመክፈት በሩ ላይ ያለውን መጫኛ ተጫኑት፤ ደግመው ተጫኑት።

«ተቆልፏል፣ አባባ» አለ ዮፍታሔ ዞር ሳይል። «ለልጆቹ ብለን ነው።»

እጃቸውን ከመስታወቱ በስተጀርባ አነሱ። የኋላው መስታወት ጥቁር ስለሆነ አብዱልመናን አላያቸውም።