የአባቴ አበዳሪዎች

አባቴ ኑዛዜ ሳይተው ሞተ። ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ሱቅ ነበረው፤ ዕቃም በዱቤ ይወስድ ነበር። ስለዚህ በቀብሩ ቀን አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ከጀናዛው ፊት ቆሞ «ወንድሜ ላይ ገንዘብ ያለው ሰው ካለ ወደ እኛ ይምጣ» አለ። በእኛ በሙስሊሞቹ ዘንድ ወጉ ይሄው ነው።

አጎቴ ይናገረው እንጂ ሥራው የኔ ነበር። ክልሉ ገና የተቋቋመበት ጊዜ ነው፤ ከአዲሶቹ ቢሮዎች በአንዱ ጸሐፊ ስለነበርኩ ስለ ዝርዝር አያያዝ ማንም አያስተምረኝም። ሰው እስኪመጣም አልጠበቅሁም። ጅምላ ነጋዴውን ሱቁ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁት፤ ዕቃ የሚያመጣለትን ሾፌር መናኸሪያ ላይ ያዝኩት። ኢታንግ ወርጄ ደረቅ ዓሣ ታቀርብለት የነበረችውን ሴት ፈልጌ አገኘኋት። ወረቀት የላትም። «አባትሽ ጥሩ ሰው ነበር። የሁለት ጆንያ ብቻ ቀረ» አለችኝ። አመንኳትና ጻፍኩ።

ከወር በኋላ ሽማግሌዎች ከሼኹ ጋር ቤታችን ተሰበሰቡና ዝርዝሬን ቆሜ አነበብኩላቸው። በሱቁ ያለው ዕቃ ቢሸጥ ዕዳው ሁሉ ይዘጋል። የሚቀረው ሱቁና ከጀርባው ያለው መኖሪያችን ነው። እኔ ወንድም ስለሌለኝ በሸሪዓ አጎቴም ከውርሱ ድርሻ አለው።

«ቤቱን ሸጠን እንካፈል። እሷን ጅማ፣ እኔ ቤት እወስዳታለሁ» አለ፣ እናቴን በአገጩ እያመለከተ።

እናቴ ከዚያ ቤት መውጣት እንደማትፈልግ አውቃለሁ። ዝርዝሬን እንደገና ከላይ ጀምሬ ማየት ያዝኩ።

«የኔስ?» አለች እናቴ።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

«መህሬስ? በኒካችን ቀን የተቆረጠልኝ ወርቅ። ሱቁ ይቁምና፣ ሱቁ ይቁምና እያለ ሳይሰጠኝ ሞተ።»

ሼኹ በለዘበ ድምፅ «ለሟች እንዲቀለው አፉ ብትይውስ?» አሏት።

«ያዘገየብኝን አፉ ብየዋለሁ። ወርቁን ግን እፈልገዋለሁ።»

ኒካው ላይ የነበሩ ሁለት ሽማግሌዎች መሰከሩላት። ያልተከፈለ መህር የባል ዕዳ ነው፤ ዕዳ ደግሞ ከውርስ ይቀድማል። ወርቁ ሲተመን ከቤቱ ዋጋ በለጠና ሱቁም መኖሪያውም ለእናቴ ሆነ። አጎቴ ጥርሱን ነክሶ ፈረመ።

ሰዉ ሲወጣ «እማ፣ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ኢታንግ ድረስ ሄደሽ ሰው ስትጠይቂ፣ እኔን መች ጠየቅሽኝ?» አለችኝ።

በራሴ አፈርኩ።