ከበር የላክሁት ፎቶ

ሰበታ ላይ በአንድ የጀሪካን ፋብሪካ ጥበቃ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ግቢው ሁለት በር ነበረው። የፊቱ ወደ አስፋልቱና ወደ ሰፈራችን ነው፤ የኋላው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ። መሬቱ የእኛ እርሻ በነበረ ጊዜ ለቀብር የምንሄደው በመሃሉ ነበር። መሬቱ ሲወሰድ ሽማግሌዎቹ ባለቤቱን ቁጭ አድርገው፣ ሌላው እንደሚሆን ይሁን፣ ሬሳችንን ግን እንዳትከለክለን አሉት። እሺ አለ። ወረቀት አልተጻፈበትም። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲሞት ሁለቱንም በር የምከፍተው እኔ ነኝ። ማንንም አልጠይቅም፤ ማንም አይጠይቀኝም።

ኋላ ባለቤቱ ደከመውና ሥራው ወደ ልጁ ዞረ። አዲሱ አለቃ አዲስ አበባ ተቀምጦ ነው የሚመራው። አንድ ቀን ለሁላችንም ተች ስልክ አደለን። የሰበታው ፋብሪካ፣ የቡራዩ መጋዘን፣ የሱሉልታ መሸጫ፣ ሁላችንም አንድ ግሩፕ ውስጥ ገባን። ከእንግዲህ ደብዳቤ ይዞ መመላለስ የለም፣ ሁሉም ሰው ሁሉንም ነገር እኩል ያያል አለን። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ማንበቡን ጣቴን እያስኬድኩ እወጣዋለሁ፤ እዚያ ስልክ ላይ መጻፉ ግን አይሆንልኝም፣ አንዱን ስነካ ሦስት ይነካል። አልጽፍም አልኩ። ካልጻፉ ይናገሩበት ብላ የቢሮዋ ጸሐፊ ድምፅ መላክ አስተማረችኝ። ከሁሉም የምታግዘኝ እሷ ነበረች።

እውነቱን ለመናገር ጥቅም አለው። ድሮ መኪናው ጭኖ ቡራዩ ሲደርስ ጎደለ፣ አልጎደለም እያሉ ሲጨቃጨቁ ይመሽ ነበር። አሁን መኪናው ሳይወጣ ጭነቱን ፎቶ አንስቼ እልካለሁ፣ የቡራዩው ሰው እሺ ይላል፣ አለቀ። ሱሉልታ ዕቃ ሲያልቅባቸው እዚያው ይናገራሉ፣ የእኛዎቹ ያንኑ ቀን ያዘጋጃሉ። ሳምንት ይፈጅ የነበረው አሁን ለምሳ ሳንወጣ ያልቃል ትለኝ ነበር ጸሐፊዋ። ይህን አልክድም። ግን ደግሞ አለቃው ገና ከአልጋው ሳይወርድ፣ ፎቶው ላይ አይቶ፣ በሩ ለምን ገርበብ አለ ይለኛል። የራሴ በር ላይ ብቻዬን ቆሜ ሠላሳ ሰው ትከሻዬ ላይ የተቀመጠ ይመስለኝ ጀመር። ቢሮ የነበረውን የመስመር ስልክም ከእንግዲህ ምን ያደርጋል ብለው አስነሱት።

ከዚያ የማስተር ፕላኑ ነገር መጣ። አዲስ አበባ ወደ እኛ ልትሰፋ ነው ተባለ። መሬቱ ያልተወሰደበት ሊወሰድብኝ ነው አለ፤ የተወሰደበትም ዝም አላለም። መንገድ በድንጋይ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ወጣቱ እጁን ከአናቱ በላይ አጣምሮ ይወጣል፤ የተቃውሞው ምልክት ይህ ነበር። ፋብሪካ ነደደ የሚል ወሬ በመጣ ቁጥር ግሩፑ ይንጫጫል። ሰፈር ስገባ የፋብሪካው ሰው ነኝ፣ ፋብሪካ ስገባ የሰፈሩ ሰው ነኝ። ሥራውን ትተህ ለምን አትሄድም የሚሉኝ ነበሩ። ወዴት ነው የምሄደው? ከግቢው ወጥቼ የማርሰው መሬት የለኝ፤ መሬቴ ግቢው ነው።

በዚያ ሰሞን አለቃው ትእዛዝ አወጣ። ማንኛውም በር ከመከፈቱ በፊት ፎቶ ይላክ፣ ግሩፑ ላይ እሺ ሳይባል አይከፈት። የሬሳስ ብዬ በድምፅ ጠየቅኩ።

«አባባ፣ ሁሉም ማለት ሁሉም ነው» አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ ጎረቤቴ ሞተ። አብረን ያረስን፣ አንድ እድር ያለን ሰው ነው፤ ዓመት ሙሉ ታሞ ነበር። ቃሬዛውን ከሚሸከሙት አንዱ እኔ መሆን ነበረብኝ። ተለዋጩ ጥበቃ መንገድ ተዘግቶበት አልመጣም፣ በሩን ለማን ልተወው። በድልድዩ በኩል ዞሮ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደው መንገድም ድንጋይ ተከምሮበት ከማዶው ወታደር ቆሞበታል። ለሬሳው የቀረው በእኛ ግቢ ማለፍ ብቻ ነበር።

ስድስት ሰዓት ላይ ለቅሶውን ሰማሁ። ብቅ ስል ሰዉ አስፋልቱን ሞልቶ ወደ በሩ ይመጣል። እንደታዘዝኩት ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሳሁና ላክሁ። ምንም አልተናገርኩበትም። ቀብር የሚሄድ ሰው አይቶ የማያውቅ ማን አለ ብዬ ነው። ጥፋቴ ይህ ነው።

ቃሬዛው ከኋላ ስለነበር ፎቶው ላይ አልታየም። ከፊት የታዩት የሟቹ ልጅና እኩዮቹ ናቸው። ዱላ ይዘዋል፤ የእኛ አገር ወንድ ያለ ዱላ የትም አይሄድም። የሟቹ ልጅ ዱላውን ለጓደኛው ሰጥቶ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ያለቅሳል፣ ሴቶቹም እንዲሁ። አባት የሞተበት ሰው እጁን የት ያድርግ?

ጸሐፊዋ ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣች። አለቃው የጻፈውን አነበበችልኝ፦ እንዳትከፍቱ፣ ወደ ውስጥ ግቡ፣ ፎቶውን ለጸጥታ ሰዎች ልኬዋለሁ፣ እየመጡ ነው። የቡራዩና የሱሉልታዎቹም እግዜር ያውጣችሁ ይላሉ አለችኝ።

«ኧረ ለቅሶ ነው» አልኳት።

«እኔማ እያየሁ ነው አባባ። እነሱን ይንገሯቸው እንጂ።»

ስልኩን አፌ ላይ አስጠግቼ ቀብር ነው፣ የእድሬ ሰው ነው፣ ወታደሮቹን መልሱ ብዬ ተናገርኩ። ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ አትሄድም። ኔትወርኩ ጠፍቷል። ለመደወልም ሞከረች፣ አይጠራም። እንግዲያው ፎቶውን አጥፊልኝ አልኳት። ከእርስዎ ስልክ ይጠፋል፣ የሄደው ግን ሄዷል አለችኝ።

የሟቹ ታላቅ ወንድም በሩን መታ። «ኦቦ፣ ከራ ኑፍ በኒ» አለ፤ በሩን ክፈትልን ማለቱ ነው። ትንሿን መስኮት ከፍቼ እውነቱን ነገርኩት። ፎቶ አንስቼ ልኬባችኋለሁ፣ ረብሻ መስሏቸው ወታደር ጠርተዋል አልኩት። ተመለሱ እንዳልለው ወታደሩ የሚመጣው በዚያው አስፋልት ነው።

«ሬሳ ይዤ ወዴት ልሽሽ?» አለ። ቀጥሎም፣ «አንተ በሕይወት እያለህ ነው በር የምንለምነው?»

ጸሐፊዋን ዞሬ አየኋት። ግሩፑ እሺ አላለም እኮ አለችኝ፣ ቀስ ብላ። የማን እሺ? ሁሉም እኩል ያያል የተባለው ሁሉ ያን ሰዓት የሚያውቀው እኔ የላክሁትን ብቻ ነው፣ እሱም ውሸት ሆኗል። በሩን ከፈትኩ። ቃሬዛውን ወደ ፊት አምጡ፣ ዱላችሁን እዚህ ጣሉ አልኩ። ጣሉ።

«እጃችሁን አውርዱ» አልኩ ደግሞ።

በለቅሶው መሃል ማን ይሰማኛል። በአማርኛም በኦሮምኛም እየጮህኩ ደገምኩት፤ እጃችሁን ከራሳችሁ ላይ አውርዱ፣ ይተኩሱባችኋል። የሟቹ ሚስት አየችኝና አወረደች። ሌሎቹም አወረዱ፣ ግን የሚያደርጉበት ጠፋቸው። አንዳንዷ የነጠላዋን ጫፍ ጨበጠች፣ የሟቹ ልጅ እጁን ብብቱ ሥር ከተተ። በጀሪካኑ ክምር መሃል ድምፃቸውን ውጠው አለፉ።

የኋላውን በር ዘግቼ ሳልጨርስ የፊቱ ተደበደበ። ሁለት መኪና ሙሉ ወታደር ነው። አዛዣቸው ፎቶዬን ስልኩ ላይ ይዟል። ሰዎቹስ አለኝ። እየቀበሩ ነው አልኩት። ለቅሶ ነው የምትለኝ፣ እጁን አታየውም አለና ጣቱን የሟቹ ልጅ ላይ አደረገ። ማነው?

«አባቱ የሞተበት ሰው ነው» አልኩት። «ስሙን አልነግርህም። ከፈለግህ ና፣ ምን እንደሚያደርግ በዓይንህ እየው።»

እኔ ከፊት፣ እነሱ ከኋላ ሆነን ሄድን። ካሁን አሁን ጀርባዬን ይሉኛል እያልኩ ነው የሄድኩት። የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋ ቆሙ። ቀባሪው አያቸው። ቄሱ ፍትሐቱን አላቋረጡም። ሬሳው ወደ ጉድጓድ ሲወርድ ነው ሰው የሚጮኸው፣ ደረቱን የሚመታው። ያን ቀን አንድም እጅ ከወገብ በላይ አልወጣም። ሟቹ አፈር እስኪለብስ ሁሉም እንደ እስረኛ ቆመ። አዛዡ ጥቂት አየና ሰዎቹን ይዞ ተመለሰ። ማንም አልተነካም።

በማግስቱ ኔትወርኩ ሲመለስ ድምፄ ሄደ። አለቃው ነፍስ ይማር ብሎ ጻፈ፤ ቀጥሎም ያለ እሺ በር መክፈት ግን ከእንግዲህ እንዳይደገም፣ የኋላው በር በብሎኬት ይደፈን አለ። ከሥሩ የቡራዩም የሱሉልታም ሰዎች አውራ ጣት ደረደሩበት።

ለሰልስቱ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ድንኳኑ ሞልቷል። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ። የሟቹ ወንድም ቢያውቅም ለማንም አልተናገረም ነበር። የሟቹ ልጅ አንገቱን ደፋ። ተመስገን ነው፣ ሰው ተርፏል አሉ አንድ ሽማግሌ። የሟቹ ሚስት ግን ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም።

«አርባ ዓመት አብሬው የኖርኩትን ሰው እጄን ታስሬ ነው የሸኘሁት» አለች። «ወታደር አይደለም ያሰረኝ። አንቱ ነዎት።»

ሰው እንዳይሞት ብዬ ነው ልላት አሰብኩ። እሱንማ ታውቀዋለች። ተነስቼ ልወጣ ስል ጋቢዬን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«የትም አይሄዱም» አለች። «ይቀመጡ።»

ተቀመጥኩ። ከዚያ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጫነችና ማልቀስ ጀመረች። ሌሎቹም ሴቶች እጃቸውን አነሱ። ድንኳኑ እስኪናጋ አለቀሱ፣ እኔ መሃላቸው ሆኜ።