አሥራ አራት ሰው የቀረው ስም

ነርሷ አንድ ስም ጠራች፤ ሁለት ሰዎች ተነሡ።

ነገሩ የሆነው አምና በመጋቢት፣ ካምደን ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ነው። ነርሷ ወረቀቱን ጠጋ አድርጋ እያየች፣ ምላሷ እየተደናቀፈ፣ «ጋርዳ... ጋርዳፖንቲ» አለች። የአውቶብስ ሹፌሯ አልታየሽ ቦርሳዋን ይዛ ብድግ አለች። ፊት ለፊቷ ከተቀመጡት መካከል ደግሞ ከዘራ የያዙ ነጭ ሽማግሌ ቀስ ብለው ተነሡ። ተያዩ። አልታየሽ ሽማግሌው በደንብ ያልሰሙ መስሏት፣ የተጠራችው እሷ እንደሆነች በትሕትና ነገረቻቸው። እሳቸውም በትሕትና፣ ስሙ የራሳቸው መሆኑንና ሰማንያ ሁለት ዓመት ሲጠሩበት መኖራቸውን መለሱላት። ነርሷ ግራ ቢገባት የልደት ቀን ጠየቀች። ተራው የአልታየሽ ሆነ።

አልታየሽ ግን ካለችበት አልተንቀሳቀሰችም። ምን እንዳስደነገጣት ለማወቅ ስለዚህ ስም ትንሽ መስማት ያስፈልጋል።

እኔና አልታየሽ ሃርልስደን አጠገብ ካለው ጋራዥ ዘጠኝ ዓመት አብረን አውቶብስ ነድተናል። አንድም ቀን ለሺፍቷ አርፍዳ አታውቅም፤ ሰካራም ተሳፋሪ ሲያስቸግራት እንኳ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አትናገርም። የደሴ ልጅ ናት። ለንደን የገባችው በ1982፣ በሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ክሮይደን ያለው የኢሚግሬሽን ቢሮ የቤተሰብ ስሟን ሲጠይቃት፣ በአገሯ እንዲህ የሚባል ስም እንደሌለ፣ ሰው በራሱና በአባቱ ስም እንደሚጠራ ለማስረዳት ሞክራ ነበር። ፎርሙ ላይ ግን ባዶ መተው አይቻልም ተባለች። እሷም ከሦስቱ ስሞቿ መጨረሻ ያለውን፣ ከጣሊያናዊ አያቷ የወረደውን የቤተሰብ ስም፣ ጆሮዋ ላይ እንደቀረው በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚስ ጋርዳፖንቲ ሆነች።

ስሙን አትወደውም ነበር። አባቷ አቶ ጋሻው በልጅነታቸው «የሶላቶ ልጅ» እየተባሉ በድንጋይ ሲባረሩ ያደጉ ሰው ናቸው። ሙሉ ስማቸውን ሲጠየቁ «ጋሻው» ብለው እዚያው ያቆሙ ነበር። ስለ አያቷ የምታውቀውም ጥቂት ነው። በጣሊያን ጊዜ ካሚዮን እየነዳ ደሴ የመጣ፣ ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ አገሩ ያልተመለሰ፣ አበባ የምትባል የሐይቅ ልጅ አግብቶ መኪና ሲጠግን ኖሮ በ1954 የሞተ ሰው። የሠፈሩ ሰው «አቶ ሬ» ይለው ነበር። አልታየሽ ልጅ ሳለች የአያቷ ስም «ሬ» ብቻ ይመስላት ነበር፤ እንዴት ያለ አጭር ስም ነው እያለች ትገረምም ነበር።

ልጇ ማህደር እዚሁ ለንደን ስትወለድ የአባቷ ወረቀት ስላልተሟላ በእናቷ ስም ተመዘገበች። አሥራ አራት ዓመት ሲሆናት የስሞችን ብዛት በየአገሩ የሚያሳይ ዌብሳይት አገኘችና ስማቸውን ሰርች አደረገች። ከዚያ ከመኝታ ቤቷ እየሮጠች ወጣች።

«ማሚ፣ በዓለም ላይ ሊትረሊ ሁለት ሰው ነው ያለው። አንቺና እኔ።»

እውነትም ካርታው ላይ እንግሊዝ ብቻ ነበረች፤ ሁለት ሰው፣ እነሱም ሃርልስደን፣ አንድ ፍላት ውስጥ። አልታየሽ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሳቋ ሲያበቃ ግን አንድ ነገር ከነከናት። ጣሊያን ላይ የተጻፈው ዜሮ ነው። ስሙ ጣሊያን ውስጥ ከሌለ አያቷ ከየት አመጣው? ማን ነበር? ለአሥር ዓመት ይህን ለማንም ሳትናገር በሆዷ ይዛው ኖረች።

እንግዲህ ያንን ስም የእኔ ነው የሚል ሌላ ሰው ከፊቷ ሲቆም የደነገጠችው ለዚህ ነው።

ሐኪሙ ዓይኗን ለማየት ጠብታ አደረገላት። ስትወጣ ሁሉም ነገር ደብዝዞባታል። ሽማግሌው የራሳቸውን ተራ ለሌላ ሰው ለቀው ሲጠብቋት አገኘቻቸው። ስማቸውን ቀጠሮ ወረቀታቸው ጀርባ ላይ ጽፈው ሰጧት፤ አልታየሽ ወረቀቱን ብታቀርበውም ብታርቀውም ማንበብ አልቻለችም። ስለዚህ ፊደሉን አንድ በአንድ ጠሩላት። እሷም የራሷን ጠራች። ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና የእሷ አንድ ፊደል እንደጎደለው፣ የመጨረሻውም አንድ ፊደል እንደተለወጠ ነገሯት። ትክክለኛው ጓርዳፖንቴ ነው። የማህደር ዌብሳይት ጣሊያን ላይ ዜሮ ያለው ለዚህ ነበር፤ ክሮይደን ውስጥ በጆሮ የተጻፈ ስም ጣሊያን ውስጥ ከየት ይገኛል!

ቪቶሪኖ ጓርዳፖንቴ ይባላሉ። ለንደን የመጡት በአሥራ ስምንት ዓመታቸው ሲሆን፣ የእብነ በረድ ስብርባሪ ከሲሚንቶ ጋር እያዋሐዱ የባንክና የሆስፒታል ወለል ሲያነጥፉ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ሆስፒታሉ ምድር ቤት ካለው ካፌ ተቀምጠው የስሙን ነገር አጫወቷት። ጓርዳ ማለት ጠብቅ ነው፤ ፖንቴ ድልድይ። በሰሜን ጣሊያን ተራራ ሥር ባለች መንደር ወንዙን የሚያሻግር አንድ የእንጨት ድልድይ ነበረ፤ ማታ የሚዘጋው፣ ጠዋት የሚከፍተው፣ ከነጋዴ ቀረጥ የሚቀበለው አንድ ቤተሰብ ነበር። ስሙ የወጣው ከዚያ ነው። ድልድዩ አንድ፣ ጠባቂውም አንድ ቤተሰብ ስለነበረ ስሙ መቼም በዝቶ አያውቅም። ሴቶቹ ሲያገቡ የባላቸውን ስም ይወስዳሉ፤ ወንዶቹን ጦርነትና ስደት በላቸው። ሲኞር ቪቶሪኖ ጎልማሳ ሳሉ በሕይወት ያሉትን ሲቆጥሩ አርባ አንድ ነበሩ። በየዓመቱ ጥር ላይ ለሁሉም ስልክ እየደወሉ ቆጠራውን ያድሳሉ። በዚያ ዓመት አሥራ አራት ሆነው ነበር፤ አሥሩ ጣሊያን፣ ሦስቱ አርጀንቲና፣ አንዱ ራሳቸው።

ከዚያ የአያቷን ስም ጠየቋት። አልታየሽ አፈረች። የማውቀው «አቶ ሬ» እንደሚባል ብቻ ነው ብላ፣ አቶ ማለት ሚስተር ማለት መሆኑን ማስረዳት ጀመረች።

ሽማግሌው እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ።

«ድገሚው» አሉ።

«አቶ ሬ።»

«ኤቶሬ» አሉ ሲኞር ቪቶሪኖ። «የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። በጦርነቱ ጊዜ አፍሪካ ሞተ የተባለው።»

አልታየሽ ከዚያ ካፌ እንዴት እንደወጣች አታውቅም። በዚያ ፈዛዛ ዓይኗ ሁለት ጊዜ የተሳሳተ አውቶብስ ተሳፈረች፤ ሠላሳ ዓመት መንገዱን የምታውቅ ሹፌር! በማግስቱ ጋራዥ ውስጥ ስታገኘኝ እጄን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝ። ታሪኩን ስትነግረኝ ከመሐል ትጀምራለች፣ ወደ ኋላ ትመለሳለች፣ ትስቃለች። እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም።

ማህደር አሁን ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። በስሜት ብቻ ማመን አልፈለገችም። ሁለቱንም ምራቃቸውን በብልቃጥ እንዲሰጡ አደረገችና ለምርመራ ላከች። ስድስት ሳምንት ጠበቁ። አልታየሽ በየዕረፍቷ ስልኳን ቼክ ታደርጋለች፤ ሲኞር ቪቶሪኖም በቀን ሁለት ጊዜ ለማህደር ይደውላሉ። ውጤቱ የመጣው ቅዳሜ ጠዋት ነው። የሥጋ ዘመዶች ናቸው፤ ቅርበቱም የአባት የአጎት ልጅ ከሚሆን ሰው ጋር የሚገጥም ነበር።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እናትና ልጅ ሽማግሌው ቤት ሄዱ። ሲኞር ቪቶሪኖ ከረባት አስረው፣ የቆጠራ ደብተራቸውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ጠበቋቸው። ደስታቸው ግን ሙሉ አልነበረም። እንግዶቹ ሳይቀመጡ አልታየሽን፣ የምነግርሽ ነገር አለ አሏት።

«ከኤቶሬ ደብዳቤ መጥቶ ነበር» አሉ። «አምስት ዓመቴ ነው። አያቴ ፖስታውን ከፍቶ አነበበና ምድጃ ውስጥ ከተተው። ቴምብሩ ላይ አንበሳ ነበረ፤ እኔ ለአንበሳው አለቀስኩ። ኤቶሬ እዚያ አግብቶ እንደወለደ፣ ልጁን ይዞ ሊመጣ እንደሚፈልግ ጽፎ እንደነበር እናቴ የነገረችኝ ካደግሁ በኋላ ነው። አያቴ ግን ስሙን የመንደራችን የጦርነት ሙታን ድንጋይ ላይ አስቀረጸው። እኔም ይህን ካወቅሁ በኋላ አልፈለግሁትም፣ አልጻፍኩለትም። ይሄው ነው።»

ማህደር የእናቷን ፊት ታያለች። አልታየሽ፣ አያቷ አበባ በልጅነቷ የነገረቻት አንድ ነገር ትዝ አላት፤ ባሏ ቅዳሜ ቅዳሜ ፖስታ ቤት ይሄድ እንደነበረና ማን እንደሚጽፍለት ግን ተናግሮ እንደማያውቅ። ይህን ለሽማግሌው ነገረቻቸው። ከዚያ የአባቷን ነገር ጨመረች፤ ስማቸውን ሲደብቁ የኖሩበትን፣ የተወረወረባቸውን ድንጋይ፣ ስድቡን።

«አባቴ ይህን ሳይሰሙ ሞቱ» አለች። «ጣሊያን አልፈለጋቸውም፤ ደሴም ብዙ ቀን አልፈለገቻቸውም። እርስዎ ግን ዛሬ ነግረውኛል።»

ሲኞር ቪቶሪኖ መሐረባቸውን አወጡ።

ማህደር ወደ ደብተሩ ጠጋ አለች። «ኦኬ፣ አሁን ቁጠሩን» አለች።

ሽማግሌው ብዕር አንሥተው አሥራ አምስትና አሥራ ስድስት ብለው ሁለቱን ጻፉ። በሃምሳ ሰባት ዓመት ቆጠራ ቁጥሩ ሲጨምር የመጀመሪያው ነው። ከዚያ እንደዋዛ፣ አልታየሽ ወንድም ወይም እኅት እንዳላት ጠየቁ። አልታየሽ ሳቀች። አቶ ጋሻው ስድስት ልጆች ነበሯቸው።

ወዲያው ደሴ ተደወለ። ታላቅ ወንድሟ ዐቢይ ቪዲዮውን ሲያነሣ ከጀርባው ሰው ነበረ፤ ነገሩ ሲሰማ በቤቱ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ ስልኩ ተጋፋ። አልታየሽ እየተረጎመች፣ ዐቢይ እየጠራ፣ ሲኞር ቪቶሪኖ እየጻፉ ልጆችና የልጅ ልጆች ሁሉ ተቆጠሩ። ሠላሳ አራት! ሽማግሌው ግን ገጹን አይተው ተከፉ። ማናቸውም ጓርዳፖንቴ አይባሉም፤ የዐቢይ ልጅ ኤርምያስ ዐቢይ ነው፣ የኤርምያስ ልጅ እድላዊት ኤርምያስ ናት። ታዲያ ስሙ እዚያም ጠፍቷል ማለት አይደለም ወይ ብለው ጠየቁ።

አልታየሽ እኛ ስምን አንሸከምም፣ እንቆጥራለን አለቻቸው። ሰው ሊጋባ ሲል ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ዘሩን የማያውቅ ሰው ያፍራል። ከዚያ ወደ ስልኩ ዞራ የዐቢይን የልጅ ልጅ ጠራች። እድላዊት አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ነጠላዋን አስተካክላ ቀረበች።

«እድላዊት፣ ኤርምያስ፣ ዐቢይ፣ ጋሻው፣ አቶ ሬ» አለች በአንድ ትንፋሽ። እዚያ ላይ ቆመች። በቤቱ ከአቶ ሬ በላይ የሚያውቅ ሰው ኖሮ አያውቅም።

ሲኞር ቪቶሪኖ ምን እንደተባለ አልታየሽ ስትነግራቸው ደብተሩን ወደ መጀመሪያው ገጽ ገለጡ። መነጽራቸውን ጠረጉ። ከዚያ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው፣ ለእድላዊት እንዲሰማት ቀስ እያሉ፣ «ሳንቶ» አሉ። «የኤቶሬ አባት። ከዚያ ባርቶሎ። የሳንቶ አባት።»

እድላዊት እንደገና ከራሷ ጀመረች። ሰባቱንም ቆጥራ ስትጨርስ ደሴ ውስጥ እልል ተባለ፤ ለንደን ውስጥ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ከወንበራቸው ተነሥተው አጨበጨቡ። ዐቢይ፣ ያ ደረቅ ሰውዬ፣ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ሳንቶ ደብዳቤውን ያቃጠለው ሰው መሆኑን አልታየሽ ያን ዕለት ለማንም አልተረጎመችም። ለወንድሟ ብቻ፣ ከሳምንት በኋላ፣ በስልክ ነገረችው። ዐቢይም፣ ቢሆንም ይቆጠራል አላት።

የደብተሩ የመጨረሻ ቁጥር አሁን ሃምሳ ነው። ሲኞር ቪቶሪኖ ለቀሩት አሥራ ሦስት ዘመዶቻቸው ጻፉ። ዘጠኙ መልስ ሰጡ፤ ከአርጀንቲና የጻፈችው ሴት ሦስት ገጽ ሙሉ ጽፋለች። አንዱ እንዳትጽፉልኝ አለ። የመንደሩ አስተዳደር ኤቶሬን ከድንጋዩ ላይ ስለማንሣት እንደሚወያይ አስታውቋል፤ እስካሁን እየተወያየ ነው። አልታየሽም ረቡዕ ረቡዕ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጣሊያንኛ ትማራለች። መምህሩ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ጎማ የሚሉትን ቃላት ሳይነግራት ማወቋ ሲገርመው፣ እሷ ደግሞ ጣሊያንኛ መሆናቸውን ገና መስማቷ ነው።

ሐኪማቸው በዚህ ዕድሜ ረጅም በረራ አይመከርም ቢላቸውም፣ ሲኞር ቪቶሪኖ ቪዛ አፕላይ አደረጉ። ባለፈው ሳምንት ወጣላቸው። የፊታችን ማክሰኞ ከአልታየሽና ከማህደር ጋር ይሄዳሉ፤ እኔም የሁለት ሳምንት ሺፍቷን ተቀብያታለሁ። ትናንት ጋራዥ ውስጥ ሻይ እየጠጣን ሳለ ስልኳ ጮኸ። ሽማግሌው ናቸው። ለአፍሪካ ሙቀት ያዘጋጁት ስስ ልብስ ይበቃ እንደሆነ ለአራተኛ ጊዜ እየጠየቋት ነበር። አልታየሽም በሳቅ እየፈረሰች፣ ደሴ ነው የምንሄደው፣ ካፖርትዎን ይያዙ አለቻቸው።