መስመሩ ተይዟል

ተስፋሚካኤል በጠመንጃው ሰደፍ የላብራቶሪ ባለሙያውን የባየውን አፍ ሲመታው፣ ሰርካለም የኮምፒዩተሩን ገመድ ልትፈትሽ ጠረጴዛ ሥር ተንበርክካ ነበር። ጥርስ ሲሰበር ድምፅ እንዳለው ከዚያ በፊት አታውቅም። ቀና ስትል ባየው አፉን በሁለት እጁ ይዞ በግድግዳው ላይ እየተንሸራተተ ሲወርድ አየችው። የነጭ ጋውኑ ደረት ቀልቷል።

«ደም አለ፤ በዓይኔ አየሁት!» ብሎ ጮኸ ተስፋሚካኤል። አፈሙዙን ወደ ማቀዝቀዣው አዞረ። «ፍሪጁ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ወንድሜ እዚያ ደሙ እያለቀ፣ አንተ ወረቀት አልወጣም ትለኛለህ?»

ይህ የሆነው ደብረ ብርሃን ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል፣ በደም ክፍሉ ነው። ውጊያው ማለዳ በጣርማ በር መንገድ ተጀምሮ ረፋዱ ላይ ወደ ከተማዋ ቀርቧል። ቁስለኛ በአይሱዙ፣ በባጃጅ፣ በበር ሳንቃ ላይ ሳይቀር ተጭኖ ይመጣል። የሆስፒታሉ ኮሪደር በደም ስለራሰ ነርሶቹ እንዳይንሸራተቱ ብርድ ልብስ አንጥፈውበታል። በየመሐሉ ከባድ መሣሪያ ሲፈነዳ መስኮቱ ይርገበገባል፤ የቆሰሉትም ከሕመማቸው ይልቅ ከድምፁ የተነሣ ይጮኻሉ።

ሰርካለም ሐኪም አይደለችም። የሆስፒታሉን የኮምፒዩተር ሥርዓት፣ በተለይም የሕሙማንና የደም መረጃ የሚቀመጥበትን ዳታቤዝ የምትጠብቅ ባለሙያ ናት። የተወለደችው አንኮበር ነው፤ አባቷ ቄስ ወልደጻድቅ የአጥቢያው አገልጋይ ናቸው። ልጅ ሳለች ጎረቤታሞች በወሰን ተጣልተው መጥረቢያ ሲማዘዙ አባቷ መስቀላቸውን ይዘው መሐል ገቡ። የመጀመሪያው ምት የእሳቸውን ክንድ ሰነጠቀው። ሁለተኛው አብሯቸው የገባውን አጎቷን ገብረአብን አንገቱ ላይ አገኘው። ሰርካለም ይህን ሁሉ ከአጥሩ ሥር ሆና አየች። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሰው ሲጮህባት ድምፅዋ አይጨምርም፤ ይልቁን ዝቅ ይላል። ዩኒቨርሲቲ አብረዋት የተማሩት ኩራት ይመስላቸው ነበር።

አሁንም ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ምን ሆነሃል አንተ? እሱ እኮ ነው ደሙን የሚሰጥህ» አለችው። ሄዳም ማቀዝቀዣው በር ላይ ተደግፋ ቆመች።

«ዞር በይ!»

«አልዞርም። ስማኝ። ትናንት፣ ውጊያ ይመጣል ሲባል፣ የከተማው ሰው ተሰልፎ ነው ይህን ደም የሰጠ። ምርመራው አልቋል፤ ውጤቱ ግን ያለው ኮምፒዩተሩ ውስጥ ነው። የትኛው የደም ከረጢት ምን ዓይነት እንደሆነ፣ የትኛውስ በሽታ እንዳለበት መለያው ካልታተመ ማንም አያውቅም። ያልሆነውን ደም ከሰጠኸው ወንድምህን የገደልከው አንተ ነህ።»

ተስፋሚካኤል የሰማ አልመሰለም። እጀታውን ለመያዝ እጁን ሲዘረጋ እሷ ቀድማ ያዘችው። በጠመንጃው አፈሙዝ አንጓዋን መታት፤ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ አለ። ሕመሙ እስከ ብብቷ ወጣ። እጀታውን የለቀቀችው ጣቶቿ አልታዘዝ ስላሏት ነው። ከበሩ ላይ ግን አልተነሣችም።

ባየው ከወለሉ ላይ ደምና የጥርስ ስባሪ ተፋ። «ውሸት አይደለም» አለ፤ ቃሉ ተኮላትፎ። «ቀድሞ መለያ የተለጠፈበት፣ ለሁሉም የሚሆነው ደም ጠዋት አልቋል።»

ተስፋሚካኤል ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ አለና ጠመንጃውን ግንባሯ ላይ አነጣጠረ። «እንግዲያው ሥሪው! አሁኑኑ ሥሪው! ወንድሜ ቃለ አብ ከሞተ አንቺም አትወጪም።»

ሰርካለም ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ቀኝ እጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በግራዋ መጻፍ ጀመረች። እሷ ባትነግረውም፣ ማሽኑ ለምን እንደቆመ ገና አላወቀችም ነበር። ሰርቨሩን ዘግታ ከፍታዋለች። ገመዱን ፈትሻለች። ሁሉም ደህና ነው። ባየው የከረጢቶቹን ዝርዝር ይከፍታል፣ አንዱን ይመርጣል፣ «አትም» ሲል ግን ቀይ ጽሑፍ ይመጣል፦ ግንኙነቱ በሌላ ትእዛዝ ውጤት ተይዟል። ይህንኑ ጽሑፍ ከወራት በፊት አንድ ጊዜ አይታው ፕሮግራሙን ለሸጡት ሰዎች ደውላ ነበር። «ዝጉና ክፈቱት» ብለዋት ቀረ።

«ባየው፣ ዛሬ ከሌላው ቀን ምን ተለየ?»

«ምንም። ከረጢቱ በዛ እንጂ።»

እጇን ከመጻፊያው አነሣች። «እስቲ ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው ውረድና ከዚያ አትም።»

ባየው ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሣ። ዝርዝሩን እስከ ታች ወረደና አዘዘ። ማተሚያው ተንገራግሮ አንድ መለያ ተፋ። ሁለተኛውን ሲያዝ ዝርዝሩ እንደ አዲስ ተከፈተ፤ ቀዩም ጽሑፍ ተመለሰ። ለእያንዳንዱ ከረጢት እስከ ታች እየወረዱ ማተም ለዚህ ሁሉ ቁስለኛ አይደርስም።

ያኔ ገባት። ፕሮግራሙና ዳታቤዙ የሚነጋገሩት በአንድ መስመር ነው። ዝርዝሩ ተነብቦ ካላለቀ መስመሩ እንደተያዘ ይቆያል፤ በዚያው መስመር ላይ «ይህን ከረጢት መዝግብ» የሚል ሁለተኛ ትእዛዝ ሲመጣ አይቀበልም። በሌላው ቀን ከረጢቱ ጥቂት ስለሆነ ዝርዝሩ በአንድ ጉርሻ ይመጣና መስመሩ ወዲያው ይለቀቃል። ዛሬ ግን የከተማው ሰው ትናንት ደሙን ስለሰጠ ዝርዝሩ ረዘመ። ሁለቱን የሚያገናኘው «ድራይቨር» የተባለ ረዳት ፕሮግራም በአንድ ግንኙነት ላይ ብዙ ትእዛዝ ጎን ለጎን እንዲያስተናግድ የሚፈቅድ አንድ ቅንብር አለው። ማንም አልከፈተውም፤ እንደመጣ ተዘግቶ ነው የኖረው።

«ምንድነው የምታስቢው? ሥሪ!» አለ ተስፋሚካኤል። ከኮሪደሩ የሰው ጣር ይሰማል።

የግንኙነቱን ቅንብር ከፍታ ያንን ፈቃድ ጨመረች። ፕሮግራሙ አልተነሣም። ደግማ ሞከረች። ድራይቨሩ ያረጀ ስለሆነ የጨመረችውን ቃል አያውቀውም። ጀርባዋን ላብ አጠመቃት። በማሽኑ ውስጥ ሌላ፣ አዲስ ድራይቨር ተጭኖ እንደነበር አስታወሰች፤ ፈልጋ አገኘችው። ፕሮግራሙን ከአሮጌው ነቅላ በአዲሱ ላይ አገናኘችው፣ ፈቃዱን ጻፈች፣ አስነሣችው። የቀኝ እጇ አንጓ አብጦ ሰዓቷ ሥጋዋ ውስጥ ገብቷል።

«አትም» አለችው ባየውን።

ዝርዝሩ እንደተከፈተ አንድ መለያ ወጣ። ቀጥሎ ሁለተኛው። ሦስተኛው።

«በዚህ ማሽን ብቻ ስጥ» አለችው። «መስመሩ ተከፈተ እንጂ ሁለት ሰው አንድ ከረጢት እንዳይመርጥ የሚከለክል የለም። ሌላውን ማሽን ማንም እንዳይነካው።»

በዚህ መሐል ሲስተር ደመቀች እየሮጠች ገባች። «ለወለተ ጊዮርጊስ! ዶክተሩ መጀመሪያ ለእሷ ብሏል፤ ሆዷን ከፍተዋታል!» ወለተ ጊዮርጊስ ጥይት የመታት የመዘዞ ነጋዴ ናት፤ በግ ልትሸጥ መጥታ ገበያ ላይ ነው ያገኛት። የእሷም የቃለ አብም ደም አንድ ዓይነት ነው።

ባየው ሰርካለምን አያት። ጠመንጃው አሁንም እሷው ላይ ነው።

«ለዶክተሩ ስጥ» አለች ሰርካለም።

ባየው መለያውን ለጥፎ ከረጢቶቹን ለደመቀች ሲያቀብል ተስፋሚካኤል ተኮሰ። ጥይቱ ኮርኒሱን በሳው፤ ልስኑ በሁሉም ራስ ላይ ወረደ። የበሩ ጥበቃ ኃይለ ገብርኤል ከኋላው ደርሶ በዱላ ማጅራቱን አለው። ተያይዘው ወደቁ። ጠመንጃው ከሁለቱ መሐል ደግሞ ጮኸ፤ የኃይለ ገብርኤል ጭን ተተረተረ። ከዚያ በኋላ በኮሪደሩ የነበሩት አስታማሚዎች ገቡ። ጠመንጃውን ነጥቀው ተስፋሚካኤልን በእርግጫ፣ በወንበር እግር፣ በራሱ ሰደፍ ቀጠቀጡት። ፊቱ የሰው ፊት መምሰሉ እስኪቀር ድረስ መቱት። እሱም ከምቱ ሥር ሆኖ «ቃለ አብ! ቃለ አብ!» ይል ነበር።

ሰርካለም አልገላገለችም። ወለሉ ላይ የበተኑትን መለያ በግራ እጇ ለቅማ ለባየው አቀበለችው። ከቆየ በኋላ አንዲት ባልቴት «ይበቃል፣ ስለ ኪዳነ ምሕረት!» ብለው ላዩ ላይ ሲወድቁ ነው ድብደባው የቆመ። ቀጣዩ መለያ የቃለ አብ ነበር። ከእሱ ቀጥሎ የኃይለ ገብርኤል።

ወለተ ጊዮርጊስ ደሙ ገብቶላትም አልተረፈችም፤ ዘግይቷል። ቃለ አብ ግራ እግሩ ተቆርጦ ተረፈ። ኃይለ ገብርኤል እያነከሰ ወደ በሩ ተመለሰ። ባየው የፊት ጥርሶቹን አስተክሏል፤ ሰው ከኋላው ድንገት ሲገባ ግን አሁንም የያዘውን ይጥላል። ሰርካለም እጇ በጄሶ ታስሮ እያለ የሆስፒታሉን ማሽኖች አንድ በአንድ ወደ አዲሱ ድራይቨር አዛወረቻቸው። አንድ የተመረጠ ከረጢት ለሌላው እንዳይታይ የሚቆልፈውን ሥራ ግን ፕሮግራሙን የሸጡት ሰዎች እንዲሠሩት አስገደደች። በስልክ ሲያመነቱባት «ኑና ሴትዮዋ የሞተችበትን አልጋ እዩት» አለቻቸው። መጡ።

ከሳምንታት በኋላ ውጊያው ጋብ ሲል ሽማግሌዎች አንኮበር ድረስ ወጥተው ቄስ ወልደጻድቅ ቤት ገቡ። ቃለ አብም በክራንች አብሯቸው መጥቷል። ተስፋሚካኤል ታስሮ ስለነበር በወንድሙ በኩል ይቅርታ ሊለምኑ ነው። ሰርካለም ተጠርታ ከደብረ ብርሃን መጣች።

«ልጄ፣ ወንድም ሲሞት ማየት ያሳብዳል» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። «እጅሽን ሰብሯል፤ አልካድንም። ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ይቅር በዪን።»

ሰርካለም አባቷን አየች። እሳቸው ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«ወለተ ጊዮርጊስ ቤት ሄዳችኋል?» አለች።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «የማን ቤት?»

«መዘዞ። ማሽኑ ተበላሽቶ ነበር፤ አልክድም። ግን ባየው መሬት ላይ ወድቆ፣ እኔ እጄ ተሰብሮ የባከነው ጊዜ የእሷ ነበር። ወደ እኔ ከመምጣታችሁ በፊት ወደ እሷ ልጆች መሄድ ነበረባችሁ።»

ሽማግሌው አንዳች ሊመልሱ ሲሉ ቃለ አብ ቀደማቸው። ፊቱ አመድ መስሏል። «አንዲት ሴት እንደነበረች ማንም አልነገረኝም» አለ። «እሄዳለሁ። ብቻዬንም ቢሆን።»

ብቻውን አልሄደም። በማግሥቱ ሰርካለም አብራው በሚኒባስ ተሳፈረች፤ ለምን እንደሆነ ለአባቷም አላስረዳችም። መዘዞ ሲደርሱ የወለተ ጊዮርጊስ ባል ወልደኪዳን በራፉ ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰማ። አልተቆጣም። የቃለ አብን ባዶ የሱሪ እግር አየ።

«ዛሬ አልችልም» አለ። «ልጆቹ ውስጥ ናቸው። ሌላ ቀን ኑ።»

በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። ቃለ አብ ክራንቹን አስተካክሎ መንገድ ጀመረ። ዳገቱ ላይ ሲደክመው ሰርካለም ደህናውን ክንዷን ሰጠችው፤ ሚኒባሱ እስኪመጣም መንገድ ዳር ቁጭ ብለው ጠበቁ።