ጋሽ ዶክተር ያሰመሩት ግድግዳ

እስቲ ይህን ግድግዳ እዩ። ፊት ለፊት ያለውን እብነ በረድ አይደለም፤ እሱንማ የጋሽ ዶክተር ስም ስለተቀረጸበት ሹሞቹ ራሳቸው ያሳዩአችኋል። እናንተ በአዲሱ ክሊኒክ ጀርባ ዞራችሁ የኮረብታውን አፈር ደግፎ የቆመውን ግንብ እዩ። ከሥር ተነስቶ ወደ ላይ የሚወጣ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለ። አጠገቡ ሦስት የእርሳስ መስመሮች፣ ቀን የተጻፈባቸው። ያሰመርኳቸው እኔ ነኝ። ማስመር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

የድሮው ክሊኒክ የገባሁት ወለል ልወለውል ነበር። ስምንተኛ ክፍልን እንኳ አልጨረስኩም። ጋሽ ዶክተር ቁስል ሲያጥቡ መወልወያዬን ተደግፌ ሳይ አገኙኝና፣ "ዓይንሽ ከእጅሽ ቀድሞ ሥራ ገብቷል፤ ታጠቢና ነይ" አሉኝ። በዚያው ጓንት አጠለቅሁ፤ ይኸው ሃያ ዓመት። ቶሎ ስለምቆጣ "እሳቷ" ይሉኝ ነበር።

አንድ ልማድ ነበራቸው። እግሩ ቀልቶ ያበጠ ሰው ሲመጣ የቅላቱን ዳር በእስክሪብቶ ይከቡና ሰዓቱን ይጽፉበታል። በማግስቱ ቅላቱ መስመሩን ካለፈ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው። ወሬ አያስፈልግም። አንድ ሹፌር፣ "ዶክተር፣ እግሬን ካርታ አደረጉት እኮ!" ቢላቸው፣ "ዝም በል፤ ድንበርህን ነው የማስከብርልህ" አሉት።

ያ ክሊኒክ የተሠራው የኮረብታው እግር ተቆርጦ ነው። የቁስል ማጠቢያው ክፍል ግድግዳ ሲሰነጠቅ እንደ ታመመ እግር ያዙት፤ ጫፉ ላይ እርሳስ፣ ከጎኑ ቀን። ስንጥቁ መስመሩን ባለፈ ቁጥር ሌላ መስመር። "ኮረብታው እየገፋን ነው" ብለው ለአስተዳዳሪው አራት ደብዳቤ ጻፉ። በስንት ጭቅጭቅ አንድ መሐንዲስ መጥቶ እንዲያይ ተፈቀደ።

ከመሐንዲሱ በፊት ግን ጎብኚዎች ይመጣሉ ተባለ። ጋሽ ዶክተር ለሁለት ቀን ሥልጠና ሄደዋል። አስተዳዳሪው ገባና፣ "ይሄ ምንድን ነው? የሕፃን ደብተር አስመሰላችሁት! በይ ቀቢው" አለኝ። ቀባሁት። አፍ አለኝ ባይዋ እኔ፣ ስንጥቁን በስቱኮ ሞልቼ ነጭ ቀለም ሁለት ጊዜ ደረብኩበት። አማረልኝ ብዬም ደስ አለኝ!

ጋሽ ዶክተር ሲመለሱ ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበሱት። አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

"እሳቷ፣ ቴርሞሜትሩን ስለሰበርሽው ትኩሳቱ ይወርዳል?"

መሐንዲሱ መጣ። "የታለ ስንጥቁ?" አለ። ጋሽ ዶክተር ከነጭ ቀለም በቀር የሚያሳዩት አልነበራቸውም። በሁለት ደቂቃ ሄደ።

በሦስተኛው ሳምንት ዝናቡ አራት ቀን ሙሉ አላባራም። በአምስተኛው ቀን ጠዋት የማጠቢያው ክፍል በር መቃኑ ተጣሞ አልዘጋ አለ። ጋሽ ዶክተር በሩን አንዴ አዩትና፣ "ሁሉም ይውጣ! አሁን!" አሉ። እየጎተትንም እየተሸከምንም አስራ አንድ ሰው አወጣን። እግራቸው በጀሶ የታሰረ አንዲት እናት ውስጥ ቀሩ። "እኔ ልግባ" ስል ጋሽ ዶክተር ገፍተው መለሱኝና ራሳቸው ወደ ውስጥ ሮጡ።

"አንቺ ያወጣሻቸውን ቁጠሪ!"

ቆጠርኩ። ዘጠኝ ስል ኮረብታው በሁለቱም ላይ ወረደ።

በጋሽ ዶክተር ቀብር ላይ "የተፈጥሮ አደጋ ነው" ተባለ። ተፈጥሮማ ሥራዋን ሠራች። ቀለሙን የቀባሁት ግን እኔ ነኝ፤ ያስቀባኝም ሰውዬ ዛሬም ወንበሩ ላይ ነው። ይባስ ብሎ እዚያው ቦታ፣ እዚያው ኮረብታ ሥር አዲስ ክሊኒክ ሠርቶ በስማቸው ሰየመው። ቅዳሜ ይመረቃል። ግንቡ ተሰንጥቋል ብዬ ብነግረው፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ሐዘኑ አልወጣልሽም" አለኝ። አዎ፣ አልወጣልኝም! ግንቡን የሰነጠቀው ግን የእኔ ሐዘን አይደለም። በአስራ ሁለት ቀን ውስጥ ስንጥቁ የመጀመሪያውን መስመር በአራት ጣት አልፎታል።

ቅዳሜ ስትመጡ ወንበር ከመያዛችሁ በፊት በጀርባ ዙሩ። ስንጥቁ ሦስተኛውንም መስመር አልፎ ካገኛችሁት፣ እባካችሁ፣ አንድም በሽተኛ አታስገቡ። ቀለም ይዞ የሚመጣ ካለም ብሩሹን ቀሙት።