ሸዋወርቅ ያላገኘችው ጣሪያ

እትዬ ሸዋወርቅ የአንኮበር ልጅ ናት። ደብረ ብርሃን ያመጣት ትዳር ነው። ባሏ ባየው ከሞተ ወዲህ የበግ ጠጉር ፈትላ ለሸማኔ ትሰጣለች፤ የተሠራውን ባና፣ ወፍራሙን የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ታወጣለች። እኔ አጠገቧ ነጭ ሽንኩርት እሸጣለሁ።

አምና ገበያው ሲታደስ አዲስ ቆርቆሮ ጣሪያ ተሠራ። እኛን ግን ወደ ሜዳው አወጡን። ነጭ ሽንኩርት ዝናብ ቢነካው እንኳ መልሶ ይደርቃል። ባና ግን ከራሰ አበቃለት፤ ይከብዳል፣ ይሸታል፣ ገዢም አፍንጫውን ይዞ ያልፋል።

ከማዘጋጃ ቤት ስብሰባ ጠሩን። የሚመራው ቃለ አብ የሚባል ወጣት ባለሙያ ነበር።

«ልጄ፣ ጣሪያውስ?» አለች ሸዋወርቅ።

«እናቴ፣ እሱ ከአጀንዳው ጋር ሪሌቨንት አይደለም።»

ተቀመጠች። ማታ እቤቴ መጥታ አስራ አንደኛ ክፍል የምትማረውን ልጄን ሣራን ጠየቀቻት። ሣራም ሪሌቨንት ማለት ጉዳዩን የሚመለከት ማለት እንደሆነ ነገረቻት፤ ሪጋርዲንግ፣ ኮንሰርኒንግ የሚሉትንም ጨመረችላት። «ሁለቱም ‹ስለ› ማለት ናቸው» አለቻት።

«‹ስለ› ለማለት ይሄ ሁሉ? ለማኝ እንኳ ‹ስለ ማርያም› ብሎ እንጀራውን ያገኛል!»

ሳቅን። ግን እኔም እሷም አመንን፤ በእነሱ አፍ ከተናገርን ይሰሙናል ብለን። እኔ አምስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩ ሴት ነኝ፤ ምን አውቄ? እሷ እንዝርቷን እያሾረች ቃላቱን ስትደጋግም ሰነበተች።

በሁለተኛው ስብሰባ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች።

«ሪጋርዲንግ ጣሪያው፣ ጥያቄያችን ሪሌቨንት ነው! ባናችን እየበሰበሰ ነው።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

«እናታችን እንግሊዝኛውን ለቀቁት እኮ!» አለ ቃለ አብ። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳት። ከዚያ፦ «እሺ፣ ቀጣይ አስተያየት?»

እሷ እንደ ቆመች ናት። ጭብጨባው መልስ መስሏት ይሆን፣ እንጃ።

«መልሱስ?» ብዬ ጮህኩ።

«ሰዓት የለንም፣ እህቴ።»

እንደ ሕፃን አጨበጨቡላት! የጠየቀችውን አንድም ሰው አልሰማም። በአማርኛ ስትጠይቅ ጉዳዩን አይመለከትም አሏት፤ በእንግሊዝኛ ስትጠይቅ መሳቂያ አደረጓት። ታዲያ በምን ቋንቋ ትጠይቅ?

ከጣሪያው ስር ያለውን ቦታ የስልክ ሽፋንና የስፖንጅ ፍራሽ ነጋዴዎች ያዙት። ሐምሌ ገባ። ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ሲወርድ ከላይ የወጠረችው ላስቲክ ተቀደደና በጋውን ሙሉ የደከመችበት ባና ራሰ። ጨምቀን ጨምቀን አቃተን። እርጥቡን አዝላ ስትሄድ ውሃው በቀሚሷ ላይ ይወርድ ነበር።

አሁን ገበያው ሁሉ «እማማ ሪጋርዲንግ» ይላታል። ባለፈው ቅዳሜ ቃለ አብ ጃንጥላውን ይዞ ሲያልፍ እሱም፦ «እማማ ሪጋርዲንግ፣ እንዴት ነዎት?» አላት።

እሷ የላስቲኩን ጫፍ ብድግ አድርጋ ያቆረውን ውሃ አፈሰሰችው። ጫማው ላይ ደረሰ።

«ስሟ ሸዋወርቅ ነው» አልኩት።

አልሰማኝም፤ ጫማውን እያራገፈ ወደ ጣሪያው ስር ሮጠ።