የኦ ቪቭ ጉርሻ

ሚስቴ ሰላማዊት ያረፈችው በጸደይ ነው። ከዚያ ወዲህ የሦስት ዓመት ልጃችን ሶልያና ምግብ አልበላ አለች። ማጉረስ የእናቷ ሥራ ነበር፤ እኔ በማንኪያ ሳቀርብላት አፏን ትገጥማለች።

አንድ ቅዳሜ ማዳም ኮሌት የሚባሉ አሮጊት ወደ ጄኔቫ ለምሳ ጠሩን። ከመጋባታችን በፊት ሰላማዊት የዱር አራዊት ለማየት በከባድ መኪና ከዛምቢያ እስከ ሞዛምቢክ ስትጓዝ፣ አብረዋት ከነበሩት ጥቂት ሰዎች አንዷ ናቸው።

ኦ ቪቭ በተባለው ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ገብተን ገና ከመቀመጣችን፣ ማዳም ኮሌት ሩዝና ምስር በጣታቸው ጠቅልለው ወደ አፌ ዘረጉ። ደነገጥኩ።

«አመሰግናለሁ፣ ራሴ እበላለሁ» አልኳቸው፣ ፈረንሳይኛ ስለማልችል በጀርመንኛ።

«ክፈት!»

እያፈርኩ ጎረስኩ። ወዲያው ሌላ ጠቀለሉ።

«ኧረ በቃኝ፣ ማዳም!»

«አንድ ያጣላል!» አሉ፣ ጥርት ባለ አማርኛ።

ቆጣ ያለው ድምፅ ቁርጥ የሰላማዊት ነበር። ሁለተኛውንም ጎረስኩ።

«ድንኳን ተክለን ስናድር፣ የማብሰል ተራ ሲደርሳት ሁላችንንም ታጎርሰን ነበር» አሉኝ። «አንዱ ጀርመናዊ መጀመሪያ ተቆጣ። በኋላ ተራዋ መቼ እንደሆነ የሚጠይቀው እሱ ሆነ።»

ሶልያና እጃቸውን ስታይ ቆይታ እጅጌዬን ጎተተች።

«ባባ፣ እኔስ?»

ከማዳም ኮሌት እጅ ጠግባ በላች። እግዜር ይስጣቸው፤ የሰላማዊትንም ነፍስ ይማር።

አመሻሽ ላይ በባቡር ወደ ከተማችን ተመልሰን ኦርሊኮን ሰፈር ቤታችን ስንገባ ማንኪያዋን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩ። ከዚያ እጄን ታጥቤ ልጄን ሁለት ጊዜ አጎረስኳት።